ስለ ባንጆ ታሪክና ሙዚቃ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባንጆ የሚባለው ቆዳ የተወጠረበት የክር ሙዚቃ መሣሪያ ሲነሣ የብዙዎቻችን ዓይን ላይ ድቅን የሚለው ሰፊ ኮፍያ ያደረገ ነጭ የአሜሪካ ገበሬ ነው። ፊልሙም ማስታወቂያውም እንደዚያ አድርጎ አሳይቶናል። እውነቱ ሌላ ነው። ባንጆን የሠሩት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ናቸው፣ ለረጅም ዘመንም የተጫወቱት እነሱ ብቻ ነበሩ። ስለ ባንጆ ባወራሁ ቁጥር የሚመጡልኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤ መልስ ሰጥቻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ባንጆ የየት አገር መሣሪያ ነው?

ሥሩ ምዕራብ አፍሪካ ነው፣ የተወለደው ግን ካሪቢያን ውስጥ ነው። ሁለቱንም አብሮ መያዝ ያስፈልጋል። ከዛሬዎቹ ሴኔጋል፣ ጋምቢያ፣ ማሊ፣ ጋናና ከሌላም አካባቢ በግድ ተጭነው የተወሰዱ ሰዎች ጃማይካ፣ ማርቲኒክ፣ ሄይቲ ላይ በሸንኮራ እርሻ ተደባልቀው ይኖሩ ነበር። ቋንቋቸው አንድ አልነበረም፣ ሙዚቃቸውም እንደዚያው። አንዱ ባለ ሦስት ክር ያውቃል፣ ሌላው ባለ ሁለት፣ ሌላው ባለ አራት። ከዚህ ሁሉ ትዝታ፣ እዚያው ባገኙት ቅልና ቆዳ አዲስ መሣሪያ ሠሩ።

ቅሉ፣ በላዩ የተወጠረው ቆዳና ከሌሎቹ አጠር ያለችው ክር የአፍሪካ ናቸው። ጠፍጣፋው አንገትና እየተጠመዘዘ ክር የሚያጠብቀው ችካል ደግሞ ከአውሮፓ ጊታር የተወሰደ ነው፤ አፍሪካ ላይ አንገቱ ድብልብል ዘንግ ሆኖ ክሩ የሚጠብቀው በቆዳ ቀለበት ነበር።

አፍሪካ ውስጥ ዛሬም የሚመስለው መሣሪያ አለ?

አለ፣ ያውም ብዙ። ማሊ ውስጥ ንጎኒ፣ በወሎፎች ዘንድ ሃላም፣ በፉላኒዎች ዘንድ ሆዱ፣ ሰሜን ጋና ላይ ኮሎጎ። ከሁሉም በላይ ተመራማሪዎችን ያስገረመው ግን የጆላ ሕዝብ አኮንቲንግ ነው። ጆላዎች ጋምቢያ፣ ደቡብ ሴኔጋልና ጊኒ ቢሳው ውስጥ የሚኖሩ ሩዝ አብቃዮች ናቸው። አኮንቲንግ ትልቅ ቅል፣ የፍየል ቆዳ፣ ረጅም ዘንግና ሦስት ክር አለው። አንዷ ክር አጭር ናት፣ የምትመታውም በአውራ ጣት ብቻ ነው።

ይህን መሣሪያ ለዓለም ያስተዋወቀው ጋምቢያዊው ዳንኤል ላሙዋሁማ ጃታ ነው። በ1970ዎቹ አሜሪካ ሲማር የባንጆ ጨዋታ ሰማ። አባቱ አገር ቤት የሚጫወቱትን አኮንቲንግ አስታወሰውና ነገሩን መከታተል ጀመረ። በ2000 አኮንቲንጉን ይዞ አሜሪካ ውስጥ የባንጆ ሊቃውንትና ሰብሳቢዎች ፊት ቀረበ። ከመሣሪያው ይልቅ ያስደነቃቸው የእጁ አመታት ነበር። የጠቋሚ ጣት ጥፍር ክሯን ወደ ታች ይመታል፣ አውራ ጣት ተከትሎ አጭሯን ክር ይነካል። አሜሪካኖቹ ክሎሀመር የሚሉት የድሮ የባንጆ አመታት ይኸው ራሱ ነው። ለእኔ ከማንኛውም ሰነድ በላይ የሚያሳምነው ይሄ ነው። የመሣሪያ ቅርፅ በአጋጣሚ ሊመሳሰል ይችላል፤ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ አመታት ግን በአጋጣሚ እንዲህ አይገጥምም።

ያ ማለት ግን አኮንቲንግ ብቻውን የባንጆ አባት ነው ማለት አይደለም። አባቶቹ ብዙ ናቸው።

የጽሑፍ ማስረጃ አለ ወይስ በአፈ ታሪክ ነው?

በደንብ አለ። ሃንስ ስሎን የሚባል የአየርላንድ ተወላጅ ሐኪም ከ1687 እስከ 1689 ጃማይካ ነበር። በ1707 ባሳተመው መጽሐፍ በባርነት ያሉ ሰዎች ከቅል ስለሚሠሩት የክር መሣሪያ ጻፈ፣ ሥዕሉንም አስገባ። ክሩ ከፈረስ ጭራ ወይም ከሐረግ ልጥ ይሠራ እንደነበር ይናገራል። እዚያው መጽሐፍ ላይ በአንድ የጃማይካ ጭፈራ የተሰሙ ዜማዎች በኖታ ተጽፈዋል። ይህ ሰውዬ በኋላ የብሪቲሽ ሙዚየም መነሻ የሆነውን ስብስብ ያስቀረ ነው፤ ለስብስቡ ያወጣው ገንዘብ ከፊሉ የመጣው ከሚስቱ የጃማይካ ሸንኮራ እርሻ ነበር።

ሁለተኛው ምስክር ቶማስ ጀፈርሰን ነው፣ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው። በ1785 በታተመው የቨርጂኒያ መጽሐፉ የጥቁሮቹ መሣሪያ «ባንጃር» እንደሚባልና ከአፍሪካ ይዘውት እንደመጡ ጻፈ። ጊታር የተገኘው ከባንጆ ነው ማለቱ ስህተት ነው፣ ሥሩ አፍሪካ መሆኑን ግን በትክክል አስቀምጧል። እሱ ራሱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በባርነት የያዘ ሰው ስለነበር ሙዚቃውን በገዛ ግቢው ሳይሰማው አልቀረም።

ከዚያ ደግሞ «ዘ ኦልድ ፕላንቴሽን» የሚባል የሳውዝ ካሮላይና የውሃ ቀለም ሥዕል አለ፣ 1780ዎቹ ማብቂያ ገደማ የተሳለ። ነጭ አንድም ሰው የለበትም። ጥቁር ሰዎች ይጨፍራሉ፣ አንዱ ቁጭ ብሎ ባለ ቅል ባንጆ ይጫወታል። በሥዕሉ ላይ ክሮቹን መቁጠር ይቻላል፣ አጭሯ ክርም በግልጽ ትታያለች። ዕቃው ራሱ የቀረባቸው ቦታዎችም አሉ፤ በ1770ዎቹ ከሱሪናም የተወሰደ አንድ መሣሪያ ሆላንድ፣ ላይደን ከተማ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል፣ ከሄይቲ የተገኘ ሌላ ደግሞ ፓሪስ ነው።

ከክራር ወይም ከማሲንቆ ጋር ዘመድ ነው?

አይደለም። ቆዳ ስላላቸው ይመሳሰላሉ እንጂ ዘራቸው ሌላ ነው። ክራር ሁለት ምሰሶና ቀንበር አለው፣ ክሮቹም ከገበቴው ተነስተው ቀንበሩ ላይ ይታሰራሉ፤ ጣት የሚጫንበት አንገት የለውም። ማሲንቆ አንገት አለው፣ ግን የሚመታው በደጋን ነው። ባርነቱም ባንጆን ወደ አሜሪካ ያሻገረው ከምዕራብ አፍሪካና ከመካከለኛው አፍሪካ ጠረፍ እንጂ ከእኛ አካባቢ አይደለም። ስለዚህ «ባንጆ የክራር ልጅ ነው» የሚል ነገር ካነበባችሁ እለፉት።

በድሮ የአሜሪካ የዘፈን ኖታዎች ላይ «የኢትዮጵያ ዜማ» የሚል ጽሑፍ አየሁ፤ የእኛ ዘፈን ነው?

አይደለም፣ እንዲያውም ታሪኩ ያማል። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ «ኢትዮጵያዊ» ማለት ጥቁር ሰው ማለት ነበር፣ ከመጽሐፍ ቅዱስና ከግሪክ ድርሰቶች የመጣ አጠራር። በ1840ዎቹ ነጭ ሙዚቀኞች ፊታቸውን በተቃጠለ ቡሽ አጥቁረው መድረክ ላይ እየወጡ በጥቁሮች የሚሳለቁበት ትርዒት ጀመሩ፤ ሚንስትረል ይባላል። በ1843 ኒው ዮርክ ውስጥ «ቨርጂኒያ ሚንስትረልስ» የሚባሉ አራት ሰዎች ቫዮሊን፣ ባንጆ፣ ከበሮና የሚንኳኳ አጥንት ይዘው መድረክ ላይ ወጡ። ከዚያ በኋላ አገሩን ሞላው። አንዱ ቡድን ራሱን «ኢትዮጵያን ሴሬኔደርስ» ብሎ ጠራ፣ በ1844 ዋይት ሐውስ ድረስ ገብቶ ተጫወተ፣ በኋላም እንግሊዝ አገር ዞረ። የታወቀው አሜሪካዊ የዘፈን ደራሲ የስቲቨን ፎስተር ዘፈኖች ሳይቀሩ «የኢትዮጵያ ዜማዎች» በሚል ስም ይሸጡ ነበር።

በዚያው ዘመን ያው ስም ሌላ ቦታ ሌላ ክብር ነበረው። «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን መዝሙር ጥቁር አሜሪካውያን በቤተ ክርስቲያናቸው የነፃነት ተስፋ አድርገው ይዘውት ነበር። ኒው ዮርክ ውስጥ በ1808 የተመሠረተው ቤተ ክርስቲያን አቢሲኒያን ባፕቲስት ተብሎ የተሰየመው በዚሁ መንፈስ ነው። መድረኩ ላይ መሳለቂያ፣ ጸሎት ቤቱ ውስጥ ኩራት፤ ስሙ ግን አንድ። ድሮ ኖታዎች ላይ «ኢትዮጵያ» የሚለውን አይቶ የሚኮራ ሀበሻ አጋጥሞኛል፣ አልፈርድበትም፣ ግን የየትኛው ወገን ወረቀት እንደሆነ ማወቅ ይገባናል።

አምስተኛዋን ክር የፈጠራት ጆኤል ስዊኒ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ውሸት ነው። ስዊኒ የቨርጂኒያ ሰው ነው፣ በ1810 የተወለደ፣ ባንጆ ይዘው መድረክ ላይ በመውጣት ከታወቁ የመጀመሪያ ነጮች አንዱ። የተማረው ከአካባቢው ጥቁሮች ነው። አጭሯ አውራ ጣት የምትነካት ክር እሱ ከመወለዱ በፊት በተሳለው የሳውዝ ካሮላይና ሥዕል ላይ አለች። ስዊኒ ጨምሯል ከተባለ ምናልባት ወፍራሟን የታች ክር ነው።

ታዲያ ነጮች የተራራ ሰዎች እጅ እንዴት ገባ?

በሁለት በር ነው የገባው። አንደኛው እነዚሁ ሚንስትረሎችና ሰርከሶች ናቸው፣ ከተማ ለከተማ ሲዞሩ ባንጆውን ያደርሱታል። ከ1861 እስከ 1865 በነበረው የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜም ወታደሮች በየሰፈሩ ይጫወቱት ነበር። ሁለተኛው በር ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው፤ ነጮችና ጥቁሮች ጎን ለጎን መሥራታቸው። ምሥራቅ አሜሪካ ባሉት አፓላቺያ ተራሮች ላይ ጥቁር ሰው አልነበረም የሚባለው ተረት ነው። በእርሻው፣ በወንዙ ጀልባ፣ በኋላም ባቡር ሐዲድ ሲዘረጋና የድንጋይ ከሰል ሲቆፈር ጥቁሮች ነበሩ፣ ባንጆም አብሯቸው ነበር። ቫዮሊን ከአውሮፓ መጣ፣ ባንጆ ከአፍሪካ፣ ሁለቱ የተገናኙት በጥቁር ሙዚቀኞች እጅ ነው፤ ለነጮች ድግስ የሚጫወቱትም ብዙ ጊዜ እነሱ ነበሩ። የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ መሠረት ይህ ጥንድ ነው።

ጥቁር አሜሪካውያን ለምን ተዉት?

ይህ ከሁሉም ጥያቄዎች የሚከብደኝ ነው። ምክንያቱ አንድ አይደለም።

ሚንስትረሉ ስድሳ ሰባ ዓመት ሙሉ ባንጆን የስድብ ምልክት አድርጎት ነበር። ማስታወቂያው፣ ካርዱ፣ የሳሙናው ካርቶን ሳይቀር አፉን የከፈተ ጥቁር ባንጆ ይዞ ያሳያል። ልጆቿን አስተምራ ከተማ ልታስገባ የምትፈልግ እናት ያንን ዕቃ ቤቷ ግድግዳ ላይ መስቀል ባትፈልግ ማን ይፈርድባታል? ሠዓሊው ሄንሪ ኦሳዋ ታነር በ1893 አንድ ጥቁር ሽማግሌ ጉልበቱ መሐል የቆመ ልጅን ባንጆ ሲያስተምር የሳለው ይህንን ስድብ ለመመለስ ነው ብዬ አምናለሁ። ሥዕሉ ላይ ማንም አይስቅም። ሁለቱም ሥራቸው ላይ ናቸው።

ከዚያ ጊታር መጣ። በፖስታ ካታሎግ በርካሽ ይሸጥ ጀመር። ብሉዝ ደግሞ ረዘም ብሎ የሚያስተጋባና የሚለጠጥ ድምፅ ይፈልጋል፣ ባንጆ ይህን አይሰጥም። ወጣቱ ወደ ጊታር ሄደ።

ሦስተኛው የሸክላ ኩባንያዎቹ ሥራ ነው፣ ይሄ ያናድደኛል። በ1920ዎቹ ገበያውን በቆዳ ቀለም ለሁለት ከፈሉት። ለጥቁር ገዢ «ሬስ ሬከርድ» ብለው ብሉዝና ጃዝ፣ ለነጭ ገዢ «ሂልቢሊ» ብለው የቫዮሊንና የባንጆ ሙዚቃ። መንደር ውስጥ ቫዮሊንና ባንጆ የሚጫወቱ ጥቁሮች ሞልተው ነበር፣ ግን ከየትኛውም ሳጥን ጋር ስላልገጠሙ የተቀዱት ጥቂት ናቸው። ያልተቀዳ ሰው ደግሞ ከሃምሳ ዓመት በኋላ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ባንጆ የነጭ ነው የሚለው እምነት ከዚህ ነው የተወለደው።

ከተቀዱት ጥቂቶች አንዱ የሜምፊሱ ገስ ካነን ነው። በ1929 የቀዳው «ዎክ ራይት ኢን» በ1963 በነጭ ዘፋኞች እንደገና ተዘፍኖ አሜሪካ ላይ አንደኛ ወጣ። ሰውየው ያኔ በሕይወት ነበር፣ ሽማግሌና ድሃ።

ባለ አራት ክርና ባለ አምስት ክር ባንጆ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ባለ አምስቱ የድሮው ነው፣ አጭሯን ክር የያዘው። ባለ አራቱ ወደ 1900ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለዳንስ ባንዶች የመጣ ነው፣ የሚመታውም ፒክ በሚባል ትንሽ ጠፍጣፋ መምቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ የጃዝ ባንዶች ባንጆ የያዙት ድምፁ ከጥሩምባና ከከበሮ በላይ ስለሚሰማ ነበር፣ ማይክሮፎን ባልነበረበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሉዊስ አርምስትሮንግ በ1925 ሆት ፋይቭን ሲያቋቁም ጆኒ ሴንት ሲር ባንጆ ይዞ ነበር። ማይክሮፎንና የኤሌክትሪክ ጊታር ሲመጡ ባንጆ ከጃዝ ወጣ። አየርላንዶች ግን ባለ አራቱን ወሰዱት፤ ዳብሊነርስ የሚባለው የአየርላንድ ቡድን አባል ባርኒ ማኬና ከቫዮሊን ቅኝት አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርጎ ቃኝቶት ዛሬ የአይሪሽ ሙዚቃ ያለ እሱ አይታሰብም።

ወደ አፍሪካም ተመልሷል። በሞሮኮ የናስ ኤል ጊዋን ቡድን ዋና ድምፅ የአላል ያላ ባንጆ ነበር፣ የአልጄሪያ ሻቢ ሙዚቃም ባንጆ አለው። ኬፕ ታውን ላይ በየዓመቱ በአዲስ ዓመት ሰሞን በሚደረገው ካርኒቫልም ይሰማል።

ብሉግራስ በሚባለው የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ ውስጥ ያለው በጣም የሚፈጥን አጨዋወት ከየት መጣ?

ከኧርል ስክራግስ። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ በ1924 የተወለደ የገጠር ልጅ ነው። በሦስት ጣት መጫወት በአካባቢው ከእሱ በፊትም ነበር። እሱ ግን አጥርቶ፣ አፍጥኖ፣ ዜማው ሳይጠፋ እንደ ጅረት እንዲወርድ አደረገው። በ1945 መጨረሻ ከማንዶሊን ተጫዋቹ ቢል ሞንሮ ባንድ ጋር ሲቀላቀል ብሉግራስ የምንለው ድምፅ ተሟላ። በ1949 የቀዳው «ፎጊ ማውንቴን ብሬክዳውን» በ1967 «ቦኒ ኤንድ ክላይድ» ፊልም ላይ ሲገባ ዓለም ሰማው።

ድምፁ ለምን ያን ያህል ይጮሃል? ለምንስ ቶሎ ይጠፋል?

ሁለቱም ከቆዳው ነው። ክሮቹ የሚያርፉት ብርኩማ በሚባል ትንሽ እንጨት ላይ ነው፣ ብርኩማው ደግሞ በሙጫ ሳይጣበቅ፣ በክሮቹ ጫና ብቻ ቆዳው ላይ ቆሞ ይውላል። ቆዳው ስስና ውጥር ስለሆነ የክሩን ጉልበት በአንድ ጊዜ ወደ አየር ይተፋዋል። ስለዚህ ይጮሃል፣ ጉልበቱም ወዲያው ያልቃል። የጊታር ወፍራም እንጨት ግን በቀስታ ስለሚለቀው ረዘም ይላል። ባንጆ ተጫዋች ብዙ ኖታ በፍጥነት የሚመታውም ለዚህ ነው፣ ዝምታውን በሌላ ኖታ ይሞላዋል። ዱሮ የጥጃ ወይም የፍየል ቆዳ ነበር፣ ዝናብ ሲዘንብ ይረግባል። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አብዛኛው ፕላስቲክ ነው።

ዛሬ ጥቁር የባንጆ ተጫዋቾች አሉ?

አሉ፣ እየበዙም ነው። በ2005 ኖርዝ ካሮላይና፣ ቡን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጥቁር ባንጆ ተጫዋቾች ጉባኤ ተካሄደ። እዚያ የተገናኙ ወጣቶች «ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ» የሚባል ቡድን መሠረቱ። ጆ ቶምሰን ወደሚባሉ ሽማግሌ ቤት እየተመላለሱ ተማሩ። ሽማግሌው ከአባታቸው የወረሱትን የቫዮሊን ጨዋታ ይዘው የቀሩ፣ በዘጠናዎቹ ዕድሜ በ2012 ያረፉ ሰው ናቸው። እሳቸው ባይኖሩ ሰንሰለቱ ይበጠስ ነበር። ቡድኑ በ2011 ግራሚ አገኘ። ከመካከላቸው ሪያነን ጊደንስ በ2023 በኦፔራ ሥራዋ የፑሊትዘር ሽልማት ተሸለመች። በ2024 የቢዮንሴ «ቴክሳስ ሆልደም» መግቢያ ላይ የሚሰማው ባንጆም የእሷ ነው። ያን ዘፈን ስንት ሀበሻ ሠርግ ላይ ጨፈረበት!

ባንጆ ላይ ትዝታ መጫወት ይቻላል?

እንዴታ! ባለ አምስት ክሩ በብዛት የሚቃኘው ሶል፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሬ ተብሎ ነው። ምንም ሳትጫኑ ብትመቱት እንኳ የሶል ሜጀር ኮርድ ይሰጣችኋል። ከሶል የሚነሳ ሙሉ ትዝታ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ነው። እንግዲህ ክፍት ክሮቹ በሙሉ ትዝታው ውስጥ ናቸው ማለት ነው። የጎደሉት ላ እና ሚ ብቻ ናቸው። ላን ሦስተኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ሁለተኛው) ላይ፣ ሚን አንደኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ ታገኟቸዋላችሁ። አጭሯ ክር እየደጋገመች ሶል ትላለች፣ ከታች ዜማው ይሄዳል።

ለባቲ ወይም ለአንቺሆዬ ክሮቹን እንደገና መቃኘት ይሻላል። የድሮ ባንጆ ተጫዋቾችም ዜማ በቀየሩ ቁጥር ቅኝት ይቀይራሉ፣ ስለዚህ ክራር የሚያውቅ ሰው ይህ አይከብደውም። ለመጀመር ባለ አምስት ክር፣ ጀርባው ክፍት የሆነና ቀላል ባንጆ ፈልጉ፤ ጀርባው የተዘጋው ለብሉግራስ ነው፣ ከባድም ነው። አመታቱን በክሎሀመር ጀምሩ። ጥፍራችሁን ግን አትቁረጡት፣ የጠቋሚ ጣታችሁን ጥፍር ትፈልጉታላችሁ።